እኛ ቤት ብቻ የሚታመመው ፍሪጅ

ኢንጅባራ ላይ ፍሪጅ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሰፈር መሳቂያ ይሆናል። እኔም ሆኛለሁ። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ባጃጅ ገና ከተማችንን መውረስ በጀመረበት ጊዜ። ፍሪጃችን ከባሕር ዳር በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ሲወርድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ ከበበን። ግንቦት እየተገባደደ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጉሙም ከጣሪያችን ላይ አልነሳ ብሎ አርፍዷል። አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ጎረቤቴ ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ "ምነው ልጄ፣ ውኃውን ደጅ ብታሳድሪው ያው አይደል?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ፤ "ደጅ የሚያድረውን እርስዎ ይጠጡት" ብያቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ባሌ ከኋላዬ ይቅርታ ሲጠይቅልኝ ሰማሁት። ትዳራችን እንዲህ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል።

ፍሪጁን ለቀዝቃዛ ውኃ አልገዛነውም። ለእናቴ ነው የገዛነው።

እናቴ የምትኖረው ጥርባ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። በዚያ ዓመት ውኃ ጥም ያዛት፤ ከሳች፤ ልብሷ ሁሉ ሰፋት። "እርጅና ነው" እያለች ስትሸፋፍን ቆይታ አንድ ቀን ድንች እርሻዋ ውስጥ ወደቀች። ወንድሜ በቃሬዛ አሸክሞ አስፋልት ድረስ አመጣት፤ ሆስፒታል ስንደርስ ስኳር ነው ተባለ። ኢንሱሊን ታዘዘላት። ሐኪሙ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት፣ መሞቅም በረዶ መሆንም እንደሌለበት ነገረን። ጥርባ ያለው ቤታችን ያኔ መብራት አልገባለትም ነበር። እኔም ቅንጣት አላመነታሁም፤ "እኔ ጋ ትሆናለች" አልኩ። ሶፋ ልንገዛበት የጠበቅነው ዕቁብ በደረሰን ጊዜ ፍሪጅ ገዛንበት። ባሌ፣ "መቀመጫማ ዱካም ይሆናል" አለ። ጥሩ ሰው ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እናቴ በመታመሟ ባዝንም፣ ቤቴ በመምጣቷ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ አልነበረንም። ባሌ የሒሳብ መምህር ነው፣ እኔ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ማታ ስንገባ ቤቱ እንደተውነው ነበር የሚጠብቀን። እናቴ ከገባች በኋላ ከደጅ ጀምሮ ጭስ ይሸታል፣ እሳት ይሞቃል፣ ሰው ይናገራል። ድስት ከፍቼ አይቼ የማላውቀው ወጥ ይጠብቀኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ልጅ ሆንኩ።

እሷ ግን ልቧ ጥርባ ነበር። አሮጊት ባዝራዋን ማን እንዳበላት፣ ድንቹን ማን እንደኮተኮተው በየምሽቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ከየት አውቄው። ፍሪጁን መጀመሪያ ያየች ቀን በሩን ከፍታ እጇን ሰደደችና፣ "ጥርባ ከዚህ ሳጥን ይበርዳል። መድኃኒቱን ይዤው ብሄድ ምን ይሆናል?" አለችኝ።

"ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል፤ ፍሪጅ ባለበት ነው መድኃኒቱ የሚቀመጠው።"

"እንግዲያ መድኃኒቱም ታስሯል፣ እኔም አብሬው ታስሬያለሁ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ሳጥን ካልሠራ እናቴ አንድ ቀን አታድርልኝም ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ይዛ የመጣችው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ቅል ቅቤ፣ አንድ ጋቢና አንድ ባና። ባናው ከገዛ በጎቿ ጠጉር ያሠራችው ጥቁር ወፍራም ነገር ነው፤ ለብሰውት የሚያድሩት ሳይሆን ተሸክመውት የሚያድሩት ይመስላል። እኔ የገዛሁላትን አበባ ያለበት ብርድ ልብስ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና፣ "ይኼ ለሙሽራ ነው" ብላ አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከባናዋ ውጭ ሌላ ልብስ አይሞቃትም።

ፍሪጁን ሳሎን፣ በቡፌውና በማዕዘኑ መካከል ወሸቅነው። አናቱ ላይ ራሴ የሠራሁትን ዳንቴል አለበስኩት። ደስ አይልም? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ሥራው ሠራ። መድኃኒቱ በሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ቁጭ አለ፤ ከጎኑ ቅቤው፣ ከቅቤው ጎን የባሌ ውኃ። እናቴን የሚገርማት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሞተሩ ሲነሳና ሲያቆም ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል፤ በተለይ ሲያቆም እንደ ሰው ብርክ ይይዘዋል። እጇን ወደ ጀርባው ሰደድ አድርጋ፣ "ይኼ ደግሞ ያቃጥላል" አለች። ባሌ አጋጣሚ አያልፈውም፤ ሙቀት ከውስጥ ተስቦ በጀርባ እንደሚወጣ፣ ጋዙ በቱቦው ውስጥ እንዴት እንደሚዞር እያስረዳ ቆመ። እናቴ ግዕዙን ሳታውቅ ቅዳሴ እንደምታዳምጠው በአክብሮት አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ፍሪጁ ታመመ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍተው እንደ ሌላው ጊዜ ፊቴን ቅዝቃዜ አልመታኝም። ቅቤው ለስልሷል። ሞተሩ ግን ያጉረመርማል፤ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። መድኃኒቱን አውጥቼ ወደ መብራት አየሁት፤ ምንም አይታይበትም፤ ቢበላሽስ በምን አውቃለሁ? ባሌን ጠራሁት።

ባሌ ሳያውጅ የሚሠራው ሥራ የለም። እራት ላይ፣ "ነገ ጠዋት ፍሪጁን ስቤ በሥርዓቱ እመረምረዋለሁ" ብሎ አወጀ። በነጋታው ቅዳሜ ነበር። በመጀመሪያ ሶኬቱን አየ። ቀጥሎ የማቀዝቀዣ ማዞሪያውን። ቀጥሎ አንድ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አስገብቶ ዘጋና ወረቀቱን ሳበ፤ ወረቀቱ አልወጣ ካለ የበሩ ጎማ ደኅና ነው ማለት ነው አለ፤ ወረቀቱም አልወጣም። በመጨረሻ ፍሪጁን ስቦ ጀርባውን አየ። ንጹሕ ነው፤ ሸረሪት እንኳ የለበትም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ረፋዱ ሄደ፤ በሩን ቢከፍተው ቀዝቅዟል። "አየሽ፣ ደኅና አድርጌ ስለገፋሁት ነው" አለ። እኔም አመሰገንኩት። ሰኞ ማታ ተመልሶ ሞቀ።

በዚያ ዘመን ኢንጅባራ ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚሠራ እንጂ ፍሪጅ የሚያክም ሰው አልነበረም፤ ዳንግላ ግን አለ አሉን። ደወልንለት። "ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ" አለ። እኔም ለእናቴ፣ "ነገ እንግዳ አለብን" አልኳት።

እናቴ እንግዳ ሲባል ምን እንደምትሆን መናገር አለብኝ። ለእሷ የሚመጣው ሰው ጳጳስ ይሁን ዕቃ ጠጋኝ ለውጥ የለውም። ከማለዳ ተነስታ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ ዱካውን ታስተካክላለች፤ በተለይ ሰው በሚቀመጥበት ቤት መኝታ ልብስ የሚባል ነገር እንዲታይ አትፈቅድም። "መኝታን በእንግዳ ፊት ከማሳየት የባሰ ምን ነውር አለ" ትላለች። ባሌ አንድ ቀን ጋቢውን ዱካው ላይ ጥሎት ሄዶ፣ እንግዳ ሊገባ ሲል ጋቢው ከየት እንደተሰወረ እስከ ማታ አጥቶታል።

ባለሙያው ከዳንግላ በሚኒባስ መጣ። ወሬኛ፣ ደስ የሚል ጎልማሳ ነው፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ሲያስቀምጥ እንኳ ያወራል። ከፈተው፣ ዳሰሰው፣ ጆሮውን ለጠፈበት። "ይኼማ ከእኔ ይበልጥ ጤነኛ ነው" አለ። እውነትም ውስጡ ቀዝቅዟል። የኢንጅባራ መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው፣ ስታብላይዘር ያስፈልገዋል አለና፣ በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ስታብላይዘር ገዛን። ሰውየው በሄደ ማግስት ፍሪጁ ሞቀ።

እርር ድብን አልኩ። ቤቴ ውስጥ የሚታመም፣ ሐኪም ሲያይ የሚድን ዕቃ ማን አይቶ ያውቃል?

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። "ዓይን ነው። ሲወርድ ስንት ሰው አየው" አሉ።

"ፍሪጅ በልቶ ምን ሊጠቅመው?" አልኳቸው።

"እሱን የበላውን ጠይቂ" ብለው፣ በነጋታው ከሁለት ሴቶች ጋር ጠበል ይዘው መጡ። እናቴ በአክብሮት ተቀበለቻቸው፤ በሩንም ጎኑንም ረጩት። እነሱ ወሬያቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ ፍሪጁን ብከፍተው ቀዝቅዟል። ጎረቤቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አስተያየት ስድብ ይሻል ነበር። ደግነቱ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ሞቀና ተገላገልኩ፤ ምን ዓይነት ደግነት እንደሆነ ግን አይጠየቅ።

ባለሙያው ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ፍሪጁ ደኅና ሆኖ ጠበቀው። በዚህ ጊዜ ሰውየው ተናደደ። "ጋዙ ቀስ እያለ እያመለጠ ነው የሚሆነው። ዳንግላ ወስጄ ቤቴ አስቀምጬ አየዋለሁ" አለ። ጭነን ሰደድነው።

መድኃኒቱን ምን እናድርገው? እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ፤ የስኳር ሕሙማንን የምትከታተለው ሲስተር የያዝነውን ተቀብላ ሌላ ሰጠችን። ከዚያ የት ነው የምትኖሩት ብላ ጠየቀችኝና ሳቀች። "በዚህ ብርድ ምን አስጨነቃችሁ? ፍሪጅ እስኪመጣ በሸክላ አስቀምጡት። እንስራ ውስጥ ውኃ አድርጊ፣ መድኃኒቱን ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልለሽ በትንሽ ማሰሮ ከውስጡ አንሳፍፊው፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ጥላ ሥር አኑሪው። መብራት የሌላቸው የደጋ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

እናቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። አማርኛው አልገባኝም እንዳትል፣ ሲስተሯ የአገሯ ልጅ ናትና መልሳ በአገውኛ ነገረቻት። "ለጊዜው ነው፣ ፍሪጁ እስኪሠራ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ስለ እንስራው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ እሱን አሰብኩ። እንስራ ጥርባም አለ። በየቤቱ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ያ እንስራ ጠላቶች ሆንን፤ ጓዳ በገባሁ ቁጥር ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያየኝ ይመስለኛል። ፍሪጁ ድኖ ካልመጣ እናቴን የሚወስድብኝ እሱ ነው።

ባለሙያው ከዳንግላ ደወለ። "እህቴ፣ ምን ልበልሽ፣ በረዶ ሠርቷል። እኔ አልነካሁትም። የጎረቤት ልጆች በረዶውን እየላሱ ነው" አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ባሌ ግን ተቀምጦ አሰበ። "ዳንግላ ይሠራል፣ ኢንጅባራ አይሠራም። ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለ። ከፍታው፣ ብርዱ፣ መብራቱ እያለ ቆጠረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽ ማዞሪያውን እየነኩት እንዳይሆን ብቻ" አለኝ። "መሄድ ይፈልጋሉ አይደል?"

ቱግ አልኩበት። እናቴን እንዴት እንዲህ ትጠረጥራለህ ብዬ የምለውን አልኩት፤ እሱ እንደ ልማዱ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አይወጣም። ፍሪጁ ተመልሶ መጥቶ፣ መድኃኒቱ ከእንስራው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መሞቅ ሲጀምር፣ እናቴን ቀጥ ብዬ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ይቺን ማዞሪያ ነክተሻት ታውቂያለሽ?"

"የቷን?" አለች። አሳየኋት። "እኔ ይቺን ምኔ ብዬ ነው የምነካት?" አለች፤ ፊቷ ላይ ምንም የተንኮል ነገር አልነበረም። መድኃኒቱን አውጥቼ ወደ እንስራው መለስኩት። እያለቀስኩ ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "አይዞሽ፣ ይድናል። ብርድ ነው የመታው" አለችኝ። ይህችን ቃሏን ያኔ ልብ አላልኳትም።

ነሐሴ ገባ። የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ውጪውን ሲሚንቶ ብንለብጠውም ዝናብ ሲበረታ ከውስጥ ያልበዋል። የታጠበ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ አይደርቅም። አንድ ጠዋት እናቴን ልቀሰቅስ ጓዳ ብገባ በጋቢዋ ተጠቅልላ፣ ጉልበቷን ደረቷ ውስጥ አስገብታ ተኝታለች። "ባናሽ የታለ?" አልኳት። "አጥቤው አልደረቀም" አለች። የኔም ልብስ አልደረቀም ነበርና አመንኳት። አበባ ያለበትን ብርድ ልብስ አውጥቼ ደረብኩላት። ማታ ስመለስ ታጥፎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል።

በዚያው ሰሞን ኔትወርክ ጠፋ። ስልካችን ሁሉ ዕቃ ሆነ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ባሌ ወረቀት ሲያርም፣ እኔ ጸጉሬን ስፈታ፣ በር ተንኳኳ። ያ የዳንግላ ባለሙያ ነው፤ ከነሳጥኑ በዝናብ በስብሶ ቆሟል።

"ስደውል ስደውል አልገባ አለኝ። ነገሩ ከንክኖኝ መጣሁ። ዛሬ ምስጢሩን ሳላወጣ ዳንግላ አልመለስም" አለ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ሰውየውን ስታየው ደነገጠች። "ቆዩ፣ ቤቱን ላስተካክል። ሰው እንዲህ ባለ ቤት ይገባል?" ብላ ወደ ፍሪጁ ማዕዘን አመራች።

"ተይ እማዬ፣ ፍሪጅ ሊያይ እንጂ ቤት ሊያይ አልመጣም" ብዬ ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት።

ሰውየው በሩን ከፈተው። የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ ሞቆ አገኘው። ደስ አለው ብል ይቀላል፤ ፊቱ በራ። "አገኘሁህ" አለ ለፍሪጁ። ከባሌ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ሳቡት።

ከጀርባው አንድ ጥቁር ነገር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ባሌ በጫማው ነካ አደረገው፤ የሞተ እንስሳ መስሎት ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሳየው አወቅሁት።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

"ባና ነው" አለች እናቴ፤ ነጠላዋን እያስተካከለች።

"ፍሪጁ ጀርባ ምን ይሠራል?"

"ትኩሳት ነበረው። ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ደግሞ ውኃ ነው" አለች። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ባለሙያው ዞረች፤ ዕቃ የሚያውቅ እሱ ነውና እንዲፈርድላት። "ፈረስ አልቦት ሲገባ ለነፋስ ትተወዋለህ ልጄ? ልብስ ታለብሰው የለም ወይ? እኔም ጀርባውን አለበስኩት። ሰው ሲመጣ ወይ ሊሳብ ነው ሲባል አነሳዋለሁ። መኝታ ልብስ በእንግዳ ፊት አይሆንማ።"

ባለሙያው የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ቆይቶ በሳቅ ፍርስ አለ። ባሌም ተከተለው። "እማማ፣ የሚተነፍሰው እኮ በዚያ በኩል ነው" አለ ባለሙያው ዓይኑን እየጠረገ። "ሙቀቱ በጀርባው ካልወጣ ውስጡ አይቀዘቅዝም። እርስዎ አፍነውት፣ እኔ ዳንግላ ድረስ ተሸክሜው፣ ጋዝ ልሞላለት።" ሳቁ መልሶ ያዘውና መጨረስ አቃተው።

አሁን ይህን ስጽፍ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ነደድኩ። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ጎረቤት እስኪስቅብኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባናውን ካነሳሁት በኋላ እናገራለሁ ብዬ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

ከምድጃ አጠገብ የተነሳ ይመስል ይሞቃል። በግ በግ ይሸታል፤ የእናቴንም ጠጉር ይሸታል። አንድም እርጥበት የለውም።

"አልደረቀም ያልሽኝ ባና?" አልኳት።

"ደርቆ ነበር።"

"ታዲያ አንቺ ክረምቱን ሙሉ ምን ለብሰሽ ነው የተኛሽው?"

"ጋቢ አለኝ አይደል? ነጠላውን እደርበዋለሁ።"

ሳቁም ቆመ፤ ባሌ ወደ መስኮቱ ዞረ። በኢንጅባራ ሐምሌና ነሐሴ፣ ስኳር የያዛት ሴት፣ ያላትን አንድ ባና ለቆርቆሮ ሰጥታ በጋቢ ስታድር። "እንዲያው ለዚህ ብረት?" አልኳት።

"ለብረቱማ አይደለም" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። "መድኃኒቱስ እንስራ እንደሚበቃው ሲስተሯ በጆሮዬ ነግራኛለች። ለእኔ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እንስራዬን ይዤ እሄድ ነበር። አንቺ ግን ይኼ ሳጥን የሞተ ቀን እኔም የምሄድብሽ መስሎሻል። ገና ሲመጣ ጀምሮ ስትሳሺለት አይቻለሁ፤ በኋላም እያለቀስሽ ስታገላብጪው አየሁሽ። እንዳይሞትብሽ ብዬ ነው።"

ባናውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ባለሙያው ነው ቤቱን ያዳነው። ተነስቶ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቀው፤ ያን ቦታ ማንም እንዳይሞላበት አስጠነቀቀ፤ እናቴንም ጉልበቷን ስሞ፣ "ዳንግላ ሲመጡ እኔ ቤት ነው የሚያርፉት፤ ብቻ ዕቃዬን እንዳያለብሱብኝ" አላት። እሷም ሳቀች። እስኪመሽ አብሮን ቆየ፤ ሲሄድ ፍሪጁ ቀዝቅዟል። በማግሥቱም ቀዘቀዘ። ጎረቤቴ በምን ዳነ ብለው ሲጠይቁኝ፣ "በጠበሉ ነው" አልኳቸው፤ ደስ ይበላቸው።

እናቴ እስከ መስቀል ቆየች። ማንም አስሮ አላቆያትም፤ ፍሪጁም እንስራውም ሁለቱም ደኅና ናቸው። በራሷ ፈቃድ ነው የቆየችው፤ እኔም ስለማውቅ ከቀድሞው ይበልጥ ጣመኝ። መርፌውን ራሷ መወጋት ለመደች፤ ሲስተሯም ስኳሯ እንደተስተካከለ ነገረችን። ፍሪጁ ሲንቀጠቀጥ ግን እስከ መጨረሻው አልለመደችውም። ዱካው ላይ እንደተቀመጠች ዞር ብላ በአገውኛ አንድ ነገር ትለዋለች፤ እናቴ በአገውኛ የምታናግረው ፈረስና ሕፃን ነበር፤ ሦስተኛ ፍሪጁ ተጨመረ።

የሄደችበት ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባው በየሜዳው ፈክቶ ነበር። እንስራዋን በገለባ ጠቅልዬ፣ መድኃኒቱን በፔርሙስ አድርጌ፣ ወደ ጥሊሊ የምትሄድ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። ወንድሜ ጥርባ ላይ ባዝራዋን ይዞ ይጠብቃታል። መድኃኒት ባለቀ ቁጥር እኔ ጋ እንደምታድር ሦስት ጊዜ አስማልኳት። መኪናው ሊነሳ ሲል ዕቃዋን ሳየው አንድ ነገር ጎደለኝ።

"እማዬ፣ ባናሽን ረሳሽው" አልኩ። "ቆይ፣ ሮጬ ላምጣልሽ።"

"አልረሳሁትም። አልጋሽ ላይ አንጥፌልሻለሁ።"

"እዚያ ምን ልትለብሺ ነው? ጥርባ እኮ ከዚህ ይብሳል።"

በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጉንጬን ያዘች። "እኔማ ቤቴ ነው የምገባው። ቤቴ ገብቼ ምን ብርድ ያገኘኛል?" አለችኝ።

ሚኒባሱ ሄደ። እያለቀስኩም እየሳቅሁም በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባሌ ገና ከትምህርት ቤት አልመጣም፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ምድጃው ጠፍቷል። አልጋዬ ላይ ባናው በሥርዓት ተነጥፏል። አንስቼ ተከናነብኩትና ሳሎን መጥቼ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው የፍሪጁ ሞተር አቆመ፤ እንደ ልማዱ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። አየሁት። ባናውን ግን አልሰጠሁትም።